የዘይት ፊልትሮው የማን ሥራ ነው?

በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ደጃፍ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል፤ «ኦሪጅናል ነው?» የሚል። ሻጩ «አዎ» ይላል። ዋጋው ሲነገረው ገዢው «ሌላስ የለም?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ ከመደርደሪያው ሁለተኛ ሳጥን ያወርዳል፣ ቀጥሎም ሦስተኛ። ሦስቱም ፊልትሮዎች በቁመትና በውፍረት ያው ናቸው፤ ጥርሳቸው አንድ ነው፤ ሦስቱም ሞተሩ ላይ ልክ ይገጥማሉ። የዋጋቸው ልዩነት ግን እጥፍ፣ አንዳንዴም ከእጥፍ በላይ ነው። ገዢው በመጨረሻ የሚወስነው በኪሱ አቅምና በሻጩ ፊት ላይ ባነበበው ነገር እንጂ በዕቃው አይደለም። በዕቃው ለመወሰን የሚያስችለው መረጃ ማንም አልሰጠውም።

እኔ ይህ መረጃ ለገዢው ይገባዋል እላለሁ። ለማግኘትም መጀመሪያ ጥያቄውን መለወጥ ያስፈልጋል። «ኦሪጅናል ነው?» ከማለት በፊት «ማን ሠራው?» ማለት ይቀድማል። መኪና አምራቾች በስማቸው የሚሸጠውን የዘይት ፊልትሮ በአብዛኛው ራሳቸው አይሠሩትም። ወረቀቱ ምን ያህል ደቃቅ ቆሻሻ መያዝ እንዳለበት፣ ቫልቩ በስንት ግፊት መከፈት እንዳለበት፣ ቆርቆሮው ምን ያህል ግፊት መቻል እንዳለበት መስፈርት ያወጣሉ፤ ሥራውን ለፊልትሮ አምራች ይሰጣሉ። አምራቹ ሠርቶ፣ የመኪናውን ኩባንያ ስም አትሞ፣ በእነሱ ሳጥን አሽጎ ያስረክባል።

በአገራችን መንገድ ላይ በብዛት ከሚታየው ከቶዮታ እንጀምር። ተጠምዝዞ የሚታሰረው የቶዮታ የዘይት ፊልትሮ ቁጥር 90915 ብሎ ይጀምራል። የቪትዝና የኮሮላ ባለቤቶች 90915-YZZE1 የሚለውን ቁጥር ሳያውቁት አይቀሩም፤ መካኒኮችማ በቃላቸው ይዘውታል። በዚህ ሳጥን ውስጥ ያለውን ፊልትሮ ለቶዮታ ከሚሠሩት መካከል ሁለቱ ስማቸው ሊታወቅ ይገባል። አንዱ ዴንሶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተለይቶ የወጣና በጃፓኗ የካሪያ ከተማ የተቀመጠ ኩባንያ። ሁለተኛው ቶዮታ ቦሾኩ ነው። የዚህ ኩባንያ ታሪክ ከቶዮታ መኪና ይቀድማል፤ የቶዮዳን ቤተሰብ በሽመና መኪና ፈጠራ ያስጠራው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1918 ያቋቋመው የፈትልና የሽመና ድርጅት ነበር። ከክርና ከጨርቅ ተነስቶ ዛሬ የመኪና ወንበርና ማጣሪያ ይሠራል። ሁለቱም ከጃፓን ውጭ ፋብሪካዎች አሏቸው። ስለዚህ አንድ ደንበኛ «በታይላንድ የተሠራ» የሚል የቶዮታ ሳጥን ሲያይ አስመስለው የሠሩት ነው ብሎ መደንገጥ የለበትም። ታይላንድ ለጃፓን መኪናዎች ዋና የማምረቻ አገር ናት፤ ትክክለኛ የቶዮታ ፊልትሮም ከዚያ ይወጣል።

የሌሎቹም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ፎርድ «ሞተርክራፍት» እያለ የሚሸጠውን ለረጅም ዘመን የሠራው የአሜሪካው ፒውሮሌተር ነው። የጀርመን መኪናዎችን ፊልትሮ የሚሠሩት በዋናነት ማን ኡንድ ሁመል፣ ማሌ እና ሄንግስት ናቸው። ማን ኡንድ ሁመል እ.ኤ.አ. በ1941 በሉድቪግስቡርግ ተቋቁሞ ቀስ በቀስ ሌሎቹን እየጠቀለለ መጥቷል፤ ፒውሮሌተርን እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሉ በሙሉ፣ ዊክስን ደግሞ በ2016 በእጁ አስገብቷል። ገዢው በመደርደሪያው ላይ ተፎካካሪ መስለው የሚታዩትን ሦስት ሳጥኖች ሲያነጻጽር የሚያነጻጽረው የአንድ ባለቤት ንብረቶችን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ አንዱ የመኪና ኩባንያ ራሱ ከአንድ በላይ አምራች መያዙ ነው። ሆንዳ በአሜሪካ ገበያ 15400-PLM-A01 እና 15400-PLM-A02 በሚሉ ቁጥሮች ሁለት ፊልትሮ ይሸጣል፤ አንዱ የፍራም፣ ሌላው የፊልቴክ ሥራ ነው። ሁለቱም ለአንድ ዓይነት ሞተር የተፈቀዱ ናቸው። ሲከፈቱ ግን የውስጥ አሠራራቸው አንድ አይደለም። ሱባሩም እንዲሁ ከጃፓኑ ቶኪዮ ሮኪ የሚመጣ ጥቁር ፊልትሮና አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰማያዊ ፊልትሮ በአንድ ዘመን ሸጧል። ሁለቱም «የሱባሩ» ነበሩ። እንግዲህ «ኦሪጅናል» የሚለው ስም የሚነግረን ዕቃው የኩባንያውን መስፈርት ማለፉን ነው። ስለ አሠራሩ ዝርዝር ብዙም አይነግረንም፤ ከሁሉ የተሻለ መሆኑንማ ጨርሶ አያረጋግጥም።

አውሮፓውያን ይህንን በሕግ አስቀምጠውታል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የመኪና ንግድ ደንብ ቁጥር 1400 መሠረት፣ የመኪና ኩባንያውን መስፈርትና የአመራረት ደረጃ ጠብቆ የተሠራ መለዋወጫ አምራቹ በራሱ ስም ቢሸጠውም «ኦሪጅናል» ይባል ነበር። ከአንዱ የማምረቻ መስመር የወጡ ሁለት ፊልትሮዎች አንዱ በመኪናው ኩባንያ፣ ሌላው በፊልትሮ አምራቹ ሳጥን ስለገቡ ብቻ በሕግ ፊት የተለያየ ዕቃ አይሆኑም። ለኢትዮጵያዊ ገዢ የዚህ ትርጉም ብር ነው። በዴንሶ ሳጥን የመጣ የዴንሶ ፊልትሮ፣ በማሌ ሳጥን የመጣ የማሌ ፊልትሮ ለመኪናው ኩባንያ ስም የሚጨመረውን ዋጋ ሳያስከፍል የዚያኑ አምራች ሙያ ይሰጣል። ቁጥሩ ከመኪናው ሞተር ጋር እስከተመሳከረ ድረስ ብልህ ግዢ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ቆርቆሮው ውስጥ እንግባ፤ የጥራት ልዩነት ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የዘይት ፊልትሮ አልነበራቸውም። ኧርነስት ስዊትላንድና ጆርጅ ግሪንሃል የተባሉ አሜሪካውያን ፒውሮሌተር ያሉትን ማጣሪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ዛሬ የምናውቀው በእጅ ተጠምዝዞ የሚታሰረው ቆርቆሮ የመጣው ከዚያ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ በ1950ዎቹ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለዓመታት የኖረችው ቮልስ እንኳ የወረቀት ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ከሥር የሚፈታ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው። ዘይቷ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ወንፊቷም እየተፈታ መታጠብ የነበረበት ለዚህ ነው። የቮልስ ዘመን መካኒኮች በዘይት ቅየራ ላይ ቀልድ የማያውቁት ሞተሯ ሌላ መከላከያ እንደሌላት ስለሚረዱ ነበር።

ዘመናዊው ፊልትሮ በእጥፋት የተሰደረ ወረቀት፣ ወረቀቱን ከሁለት ጫፍ የሚይዝ ክዳን፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ቱቦ፣ ሁለት ቫልቮችና አንድ ማሸጊያ ጎማ አለው። ክዳኑ ከብረት፣ ከጠንካራ ካርቶን ወይም ከጨርቅ መሰል ነገር ሊሠራ ይችላል፤ በካርቶን ክዳን ላይ የሚወርደው ወቀሳ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከክዳኑ ይልቅ ሙጫው ያሳስበኛል። ሙጫው በትክክል ካልያዘ የብረት ክዳን ያለውም ፊልትሮ ቆሻሻውን በጎን ያሳልፋል። የወረቀቱን ጥራት የሚወስነው ደግሞ የእጥፋቱ ብዛትና ስፋት፣ የጭረቱ ዓይነት እና እጥፋቶቹ በእኩል ርቀት መሰደራቸው ነው። ርካሹ ከእንጨት ጭረት ብቻ ይሠራል፤ ውዱ ደቃቅ የብርጭቆ ወይም ሰው ሠራሽ ክር ይቀላቀልበታል።

ይህ ሁሉ በላብራቶሪ ይለካል። አይኤስኦ 4548-12 የተባለው ዓለም አቀፍ የፍተሻ ደረጃ ፊልትሮውን በዘይት መመላለሻ መሣሪያ ላይ አስሮ፣ መጠኑ የታወቀ የሙከራ አቧራ ሳያቋርጥ እየጨመረ፣ ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ያሉትን ቅንጣቶች ይቆጥራል። ለሙከራው የሚውለው አቧራ መነሻው የአሪዞና በረሃ ነው። መለኪያው ማይክሮን ይባላል፤ አንድ የጠጉር ዘለላ 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ብሮንዚኑንና ክራንክ ሻፍቱን የሚለያየው የዘይት ሽፋን ግን ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ዓይን የማያየው አሸዋ በዚያ ሽፋን ውስጥ ሲያልፍ ብረት ይቧጭራል። የጄኔራል ሞተርስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ታዋቂ ጥናት እንደታየው፣ 40 ማይክሮን ከሚያጣራ ፊልትሮ ይልቅ 30 ማይክሮን የሚያጣራው የሞተርን መበላት በ50 በመቶ፣ 15 ማይክሮን የሚያጣራው ደግሞ በ70 በመቶ ቀንሷል።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ከሁሉ ደቃቁን የሚይዘውን ልግዛ» ቢል አይፈረድበትም። አስገራሚው ነገር በዚህ መለኪያ የመኪና አምራቾች ፊልትሮ ብዙ ጊዜ አንደኛ አለመውጣቱ ነው። በገበያ ለብቻቸው የሚሸጡ አንዳንድ ውድ ፊልትሮዎች ከ20 ማይክሮን በላይ ያለውን 99 በመቶ እንይዛለን ብለው በሳጥናቸው ላይ ያትማሉ፤ የጃፓን ኩባንያዎች በስማቸው የሚሸጧቸው ከዚያ ዝቅ ማለታቸው የተለመደ ነው። ምክንያቱ ቸልተኝነት አይደለም። በጣም ደቃቅ ወረቀት ዘይት ያዘገያል፤ ቶሎም ይሞላል። የጃፓን መሐንዲሶች ዘይቱ በማለዳ ሳይዘገይ እንዲደርስ፣ ፊልትሮውም እስከሚቀጥለው ሰርቪስ ሳይታፈን እንዲቆይ ማድረግን ያስቀድማሉ። አንድ ውኃ የማያነሳ ሐሳብ ግን አለ፤ «ኦሪጅናሉ በሁሉም ነገር ይበልጣል» የሚለው። በማጣራት ብቻ ከሆነ የሚበልጡት አሉ። አምራቹ የሚሰጠን ሚዛኑን ነው፤ ለዚያ ሞተር፣ ለዚያ ፓምፕ የተለካ ሚዛን።

ሚዛኑ የሚታየው ከሁሉ ይልቅ በቫልቮቹ ላይ ነው። አንደኛው ማሳለፊያ ቫልቭ ነው። ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ወይም ወረቀቱ በቆሻሻ ሲሞላ ግፊቱ ይጨምራል፤ በዚህን ጊዜ ሞላው ተገፍቶ ቫልቩ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ሞተር ዘይት ከሚያጣ ያልተጣራ ቢያገኝ ይሻለዋልና። በብዙ መኪኖች ቫልቩ በአንድ ባር ግፊት ዙሪያ ይከፈታል፤ ከፍ ያለ ግፊት የሚጠይቁም አሉ። ሞላው የላላ ፊልትሮ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል ማለት ይቻላል፤ ወረቀቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዘይቱ አይነካውም። ሞላው የጠጠረ ደግሞ በማለዳ ሞተሩን ያስጠማል፤ ወረቀቱንም ሊቀድደው ይችላል። ይህ ጉድለት ከውጭ በምንም አይታይም።

ሁለተኛው ቫልቭ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው ተመልሶ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚያግደው ክብ ላስቲክ ነው። ፊልትሮው በጎኑ ወይም ተገልብጦ በሚታሰርባቸው ሞተሮች ላይ ሥራው ከባድ ነው። ርካሽ ላስቲክ ከሙቀት የተነሣ ይደርቅና ይቆማል፤ ሲሊኮን ሙቀትን በተሻለ ይችላል። ላስቲኩ ሲደርቅ ፊልትሮው በሌሊት ይራገፋል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ዘይት እስኪደርሰው ለጥቂት ሰከንድ ያንኳኳል። ብዙ ባለመኪና ይህን ድምፅ «ማርጀቷ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሀዩንዳይ ለአሜሪካ ነጋዴዎቹ በላከው የቴክኒክ መግለጫ ከሌላ አምራች የመጡ ፊልትሮዎች የማንኳኳት ድምፅ ሊያመጡ እንደሚችሉና ወደ ኩባንያው ፊልትሮ መልሶ ማየት እንደሚገባ አስታውቆ ነበር። ድምፁ የጀመረው ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ ከሆነ ሞተር ከማስፈታት በፊት ፊልትሮውን መጠርጠር ይቀላል።

ታዲያ በእኛ ገበያ ያለው ምርጫ ምን ይመስላል? ከላይ የመኪናው ኩባንያ ሳጥን አለ፤ ለቶዮታ እንደ ሞኤንኮ ካለ ወኪል የሚገኘው። ቀጥሎ የፊልትሮ አምራቾቹ የራሳቸው ሳጥን ይመጣል። ከዚያ በዋናነት ለመለዋወጫ ገበያ እየሠሩ ስማቸውን ይዘው የሚነግዱት አሉ፤ ከእነዚህ ሳኩራ በአፍሪካ ገበያ በደንብ ይታወቃል። ስሙ የጃፓን ይምሰል እንጂ አምራቹ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው ሰላማት ሰምፑርና የተባለ የኢንዶኔዥያ ኩባንያ ነው። ኢንዶኔዥያዊ መሆኑ የሚያሳፍር አይደለም፤ ከአሜሪካው ዶናልድሰን ጋር በሽርክና የሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ ነው። ለእንደዚህ ያለ ዕቃ ክብር አለኝ፤ ስሙ የሚበላሽበት ባለቤት አለውና።

የምፈራው ባለቤት የሌለውን ነው። ከአምራች ስም ይልቅ «ለቶዮታ የሚሆን» የሚል ጽሑፍ ያለበትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዴንሶን ወይም የቶዮታን ሳጥን አስመስሎ የታተመውን። የምጣኔ ሀብት ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እና የአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የአስመሳይ ዕቃዎች ዋነኛ መሸጋገሪያ ከሆኑት መካከል ተጠቅሳለች። የእኛ መለዋወጫ ንግድም ከዱባይ ጋር የቆየ ትስስር አለው። የዘይት ፊልትሮ ለአስመሳይ ሥራ ይመቻል፤ ቆርቆሮውን ቀለም መቀባት ቀላል ነው፣ ውስጡን ማንም አያይም፣ ጉዳቱ የሚታየውም ዓመታት ቆይቶ ነው። ብሮንዚን ሲበላ ሰው ዘይቱን ይረግማል፣ ነዳጁን ይረግማል፤ ከሁለት ዓመት በፊት በቅናሽ የገዛውን ፊልትሮ አያስታውስም።

ጉዳዩ አሁን ከበፊቱ የከበደበት ምክንያት አለ። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ የኤክሳይስ ታክስ ከፍ ብሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገልጿል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጥቷል። በመንገድ ላይ ያሉት ቤንዚን ሞተሮች ምትክ የማይገባላቸው ሆነዋል ማለት ነው። የቪትዝ ወይም የኮሮላ ባለቤት ሞተሩን ለሚቀጥሉት በርካታ ዓመታት ማቆየት አለበት። በዚህ ላይ አቧራችን ከባድ ነው፤ የግንባታው፣ የኮረኮንቹ። በአየር ማጣሪያው ያለፈ አሸዋ በፒስቶኑ ጎን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ የአየር ፊልትሮውን በኮምፕሬሰር እየነፉ ለዓመታት የሚጠቀሙ ሰዎች የዘይት ፊልትሮውን ሸክም ያበዙበታል።

ከዚህ ሁሉ ጋር በሰዓቱ የተቀየረ መካከለኛ ፊልትሮ ምርጥ ሆኖ ከተረሳው እንደሚሻል መናገር ያስፈልጋል። ዘይት በቀየሩ ቁጥር «ፊልትሮው ለሁለት ጊዜ ይሆናል» የሚለው ምክር የተለመደ ነው፤ እኔ አልስማማበትም። አሮጌው ፊልትሮ ውስጥ የቀረው ጥቁር ዘይት ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል፤ ወረቀቱም ሊሞላ ይችላል፤ ከሞላ ማሳለፊያው ይከፈታል።

ለጋራዦች የማቀርበው ሐሳብ አለ። የወጣውን ፊልትሮ ጫፉን ቆርጦ ወረቀቱን መዘርጋት የደቂቃዎች ሥራ ነው። በግራይንደር ከመቁረጥ ይልቅ በቆርቆሮ መቁረጫ ቢሆን ይመረጣል፤ ግራይንደር የራሱን የብረት ብናኝ ይጨምርበታል። በወረቀቱ ላይ የሚያብለጨልጭ የነሐስ መሰል ብናኝ ከታየ ብሮንዚኑ እየተበላ ነው፤ ማግኔት የሚያነሣው ከሆነ ብረት ነው። በዚያው አጋጣሚ የእጥፋቱ ብዛት፣ የሙጫው ሁኔታ፣ የላስቲኩ ልስላሴ ይታያል። ይህን በተከታታይ የሚያደርግ ጋራዥ ከሻጩ ቃል የተሻለ ዕውቀት በጥቂት ወራት ያካብታል።

ለመንግሥት አካልም እንዲሁ። ሙሉው የአይኤስኦ ፍተሻ ውድ መሣሪያ ይጠይቃል፤ የማሳለፊያ ቫልቩን የመክፈቻ ግፊት፣ የላስቲኩን አያያዝ፣ የወረቀቱን ስፋት፣ ቆርቆሮው የሚችለውን ግፊት ለመለካት ግን አንድ ፓምፕ፣ አንድ ጌጅና ትዕግሥት ይበቃሉ። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ከአንድ የምሕንድስና ትምህርት ክፍል ጋር ሆኖ በብዛት የሚሸጡትን የፊልትሮ ዓይነቶች ቢፈትሽ ለመቶ ሺሕዎች ባለመኪና ይጠቅማል። ናሙናው ከአስመጪ መጋዘን በደብዳቤ ተጠይቆ የሚመጣ መሆን የለበትም። ከሱቅ መደርደሪያ፣ እንደማንኛውም ገዢ ተከፍሎበት፣ ከተለያዩ ሱቆች በድግግሞሽ ይገዛ፤ ውጤቱም ከነአምራቹ ስምና ከነክፍል ቁጥሩ በጋዜጣ ይውጣ።